በጉያ የተያዘች

ካላውፓፓ፣ ሞሎካይ
ማርች 14 ቀን 1932

ይድረስ ለእናቴ ለኡላሊያ፣

እማዬ፣ እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ? አጎቴ ካኑ ጥርሱን አስነቀለ ወይስ አሁንም ቅጠል እያኘከ ቤቱን በሙሉ ያስለቅሳል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እመኚኝ፤ ባለፈው አላመንሽኝም።

ተገላግያለሁ። ሴት ናት። ማንን እንደምትመስል ገና ሳልወልዳት ነው የጠየቅሽኝ፤ አሁንም በደንብ አልመልስልሽም፣ ምክንያቱም በደንብ አላየኋትም። እንደ ወጣች ነርሷ ጠቅልላ ይዛት ሄደች። እዚህ በሕሙማኑ መንደር የሥጋ ደዌ ያለባት እናት ልጇን አትነካም፤ ይህን ሳረግዝም አውቀው ነበር። እሑድ እሑድ ወደ ሕፃናቱ ቤት እንሄዳለን፣ ነርሷ ከመስታወቱ ወዲያ ከፍ አድርጋ ታሳየናለች። ፀጉሯ ብዙ ነው። ስታዛጋ አፏ እንደ አንቺ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ሄኔሊ ግንባሯ የእኔ ነው ይላል፤ ባሌን ታውቂው የለ፣ ያማረውን ሁሉ የእኔ ነው ይላል።

የመጀመሪያ ሴት ልጅ የእናት እናት ድርሻ ናት፤ ይህን እኔ አልነግርሽም። ጠንከር ስትል በመርከብ ሆኖሉሉ ያደርሷታል፣ አንቺ እዚያ ሄደሽ ትቀበያታለሽ። ከሷ ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ ነገር አለ፤ ስሟ ነው።

ከመውለዴ በፊት ሊነጋጋ ሲል ሕልም አየሁ። ፀጉሯ የረጠበ አሮጊት ወገቧ ድረስ ባሕር ውስጥ ቆማ ጉያዋ ውስጥ የሆነ ነገር ይዛለች። ምን ይዘሽ ነው አልኳት። ‹‹ሂኢያካኢካፖሊኦፔሌ›› አለችኝ፤ እንዲህ፣ ሳትቆራርጥ። ስነቃ ስሙ ምላሴ ላይ ነበር። በፔሌ ጉያ የተያዘች ሂኢያካ። ታሪኩን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ፤ የእሳቷ እመቤት ፔሌ ከሩቅ አገር ባሕሩን ስታቋርጥ ታናሽ እህቷን ገና እንቁላል ሳለች በጉያዋ አሙቃ ነው ያመጣቻት ብለሽ።

በዚህ ስም ጥሪያት፣ እማዬ።

ልጅሽ ሌፔካ


ፑና
ኤፕሪል 20 ቀን 1932

ለልጄ ለሌፔካ፣

እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። ደብዳቤሽ እዚያ ጭስ ታጥኖ ስለሚላክ ገና ሳልከፍተው ቤቱ ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ሸተተ። አነበብኩት፣ አለቀስኩ፣ ስለ አፏ ያልሽው ጋ ስደርስ ሳቅሁ። ካኑ ጥርሱን አላስነቀለም። እንኳን ጥርሱን የረገፈ ፀጉሩንም ቢሆን ለሰው አይሰጥም።

ልጅቷን እቀበላለሁ። ምንጣፉን ጀምሬላታለሁ፤ ከቀጭኑ የሃላ ቅጠል ነው የምሠራው፣ ጀርባዋን እንዳይቧጥጣት።

ስሙን ግን አልቀበልም። በመጀመሪያ ጠርቼው ሳልጨርስ ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ትደርሳለች። ይህ ቀልድ ነው፤ የሚቀጥለው ቀልድ አይደለም።

ካፖ የምትባል ታናሽ እህት ነበረችኝ፣ አንቺ አታውቂያትም። እናቴ ናት ከእሳቷ ቤተሰብ ስም ያወጣችላት። አፏን ሳትፈታ መድከም ጀመረች፣ ከዚያ መብላት ተወች። ሰው ሁሉ ስሙ ከበዳት አለ። እናቴ እልኸኛ ነበረች፣ ስሙን ከላይዋ አላወርድም አለች። ስትሞት ካፖን ያጠብኳት እኔ ነኝ፤ እኔም ራሴ ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ያን ስም ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም፤ ዛሬም ስጽፈው እጄ ደስ አላለውም።

በሕልም የመጣ ስም ካልተሰጠ ልጁ ይታመማል ትይኝ ይሆናል። አውቃለሁ። ከአቅም በላይ የሆነ ስምም ያሳምማል። አንቺ ባሕር ማዶ ሆነሽ የእመቤቲቱን ስም ትጠሪያለሽ፤ እኛ ደግሞ የምንኖረው ደጇ ላይ፣ እሳት ከሚተፋው ተራራ ሥር ነው። ሰምታ ብትመጣ የምትመጣው ወደ እኛ ነው።

ሕጉ የፈረንጅ ስም ይቅደም ስለሚል ወረቀቱ ላይ ላሄላ እንበላት። ጥሩ ስም ነው፣ በእኛ አፍ ተቀየረ እንጂ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ፣ አፍ ላይ አይከብድም። እሱ ይበቃታል። ወይ ሌላ ሕልም አልሚ።

እናትሽ


ካላውፓፓ
ሜይ 29 ቀን 1932

እማዬ፣

ሰላምታዬን ዛሬ አላረዝመውም፣ ተቆጥቻለሁና። ከቁጣዬ ሥር ግን ደህንነትሽን እጠይቃለሁ።

ሌላ ሕልም አልሚ አልሽኝ። ሕልም የዓሣ ገበያ ነው እንዴ፣ ይህኛው ሸተተኝ ሌላ ስጪኝ የሚባለው?

ስለ ካፖ አዘንኩ። ከዚህ በፊት ለምን አልነገርሽኝም? ዕድሜሽን ሙሉ ተሸክመሽው ለእኔ ለልጅሽ አልተነፈስሽም። አሁን እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አንቺም ሳታቋርጪ ስሚኝ።

ጡቴን በጨርቅ ጠፍረው አደረቁት። ወተቱ መሄጃ አጥቶ እንደ ድንጋይ ሲሆን፣ ሴቶቹ ተራ በተራ እየመጡ ጎኔ ተቀመጡ፤ እዚህ ያለን ሴቶች ብዙዎቻችን ይህን እናውቀዋለን። ነፍሰ ጡር ሳለሁ የሰፋሁላትን ቀሚስ ለነርሷ ላክሁ። መልሳ ላከችልኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ‹‹ሌፔካ ይቅር በይኝ፣ እጅሽ ነክቶታል›› አለችኝ። መስታወቱ ላይ አፌን አስጠግቼ ስተነፍስ እንኳ ከሄድኩ በኋላ ይወለውሉታል።

እና ለልጄ ምን ልስጣት? ወተቴን አትጠጣም፣ ልብሴን አትለብስም፣ ድምፄን አታውቀውም። ደብዳቤዬን ያጥኑታል። ስም ብቻ ነው በጭስ የማይታጠን። እጄ አልነካውም። በሕልሜ መጣ፣ ከአፌ ወጣ፣ ይኼው ነው። እኔ ልይዛት አልቻልኩም፤ ስሟ ግን ተይዣለሁ ይላል። ስታድግ አንድ ሰው ትርጉሙን ሲነግራት፣ እናቴ በጉያዋ ልትይዘኝ ፈልጋ ነበር ትላለች። ከዚህ ሌላ የምነግርበት መንገድ የለኝም።

ለእኔ ስትይ ፍርሃትሽን ተሸከሚልኝ። ብዙ ነገር ለምኜሽ አላውቅም።

ሌፔካ


ፑና
ኦክቶበር 3 ቀን 1932

ለልጄ ለሌፔካ፣

ሳልጽፍልሽ ስለቆየሁ ተቀይመሻል፤ ተገቢ ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ከዚያ መርከቡ ደረሰ ተባለና ሄድኩ።

ሆኖሉሉ ወደቡ ላይ አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት ‹‹ኡላሊያ ማናት?›› እያለች ስትጣራ፣ እኔ ኡላሊያ መሆኔ ጠፋኝ። ሰጠችኝ። ከባድ ናት፣ ደህና አድርገው አብልተዋታል። አየችኝ አየችኝና አፍንጫዬን ያዘች። እስክንሳፈር ድረስ አለቀቀችኝም። በመርከቡ ላይ ባሕሩ ሲንጠን ሰው ሁሉ ሲያስመልስ እሷ ትስቃለች።

እና ሌፔካ፣ ቀሚሴ ውስጥ ከትቼ ነበር ከነፋሱ የከለልኳት። የመርከቡ ወለል ላይ ተቀምጬ ጉያዬ ውስጥ ሙቀቷ ሲሰማኝ፣ ያንቺ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። አሮጊት ሆኜ ሰው ፊት አለቀስኩ።

ስሙን ሰጥተናታል። ቤተ ክርስቲያን ስወስዳት ፓስተሩ ወረቀቱን አይቶ መነጽሩን አወለቀ።

‹‹ኡላሊያ፣ ላሄላስ ይሁን። ይሄኛው ግን የጣዖት ስም አይደለም እንዴ?››

‹‹ይሆናል ፓስተር›› አልኩት። ‹‹ግን ያን ጊዜ የተራራው እሳት አጥርህ ጋ ሲደርስ መሥዋዕት አሳማ እየነዳህ ወደ ላይ የወጣኸው ለማን ነበር?››

ኋላ የተቀመጡት ሴቶች በማራገቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ፓስተሩ መነጽሩን መልሶ አጠለቀና አጠመቃት። ስሙ ላይ ሁለት ጊዜ ተደናቀፈ እንጂ ጨረሰው።

ካኑ ግን አልሳቀም። ‹‹ሰጥተሽ ከሆነ ሰጥተሻል›› አለኝ። ‹‹አስታውሺ፣ ስሙ የመጣው በሌፔካ ነው። ቢከብዳት የሚያወርደው ሕልሙን ያየው ሰው ነው፣ አንቺም አትችይ እኔም አልችል።›› ደስታዬን ሊያበላሽ ነው ብዬ ተቆጣሁት።

ቤት ውስጥ ሂያካ ነው የምንላት። እስካሁን ደህና ናት። እኔ ነኝ የማልተኛው።

እናትሽ


ካላውፓፓ
ዲሴምበር 11 ቀን 1932

እማዬ፣

የእጅ ጽሑፉ የሄኔሊ መሆኑን አይተሽ እንዳትደነግጪ። ልብስ ማጠቢያው ቤት የፈላ ውኃ ጣቴን ትንሽ አቃጥሎኝ ነው፤ እኔ እናገራለሁ እሱ ይጽፋል። ፊደሉ የተንጋደደው የሱ ጥፋት ነው። (አይደለም፣ የወንበሩ ነው። ሄኔሊ።)

የመርከቡን ታሪክ ለሴቶቹ ሁሉ አነበብኩላቸው። ወረቀቱ እስኪነትብ አዟዟሩት። ፓስተሩና አሳማው ጋ ሲደርሱ ደግሞ መልሽው፣ ደግሞ መልሽው ይሉኛል። እዚህ የተወለደ ልጅ ጉያ ውስጥ ሆኖ ባሕር ሲሻገር ሰምተን አናውቅም፤ ሁሉም የራሷን ልጅ እያሰበች ነው የሰማችኝ።

ፈርተሽ መስጠትሽን አውቃለሁ። ደፋር ስለሆንሽ አላመሰግንሽም፤ ፈርተሽ ስለሰጠሽ ግን ዕድሜዬን ሙሉ አመሰግንሻለሁ። አሁን ጠዋት ስነሣ፣ አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰው እኔ ያወጣሁትን ስም እየጠራ ነው፣ አንዲት ልጅም ዞር ትላለች ብዬ አስባለሁ። ቀኑን በሱ እውላለሁ።

ስትጠሪያት ዞር ትላለች አይደል? ይህን ሳትጽፊ እንዳትልኪልኝ። ዓይኗ የማንን መሰለ? የጎደሬ ገንፎውን፣ ፖይን፣ ትወዳለች? ባትወድ ሄኔሊ ልጄ አይደለችም ሊል ነው።

ሌፔካሽ


ፑና
ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1933

ለልጄ ለሌፔካ፣

የጣትሽ ነገር እንዴት ሆነ? እዚህ ዝናቡ አላቋርጥ ብሎናል። የሃላው ቅጠል ስለማይደርቅ ሥራ ፈትቼ ተቀምጫለሁ። ዓሣ የለም። የጎረቤቴ ፍየል ጣሪያ ላይ ወጥታ መውረድ አቅቷት ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ካኑ መሰላል ይዞ ወጣና እሱም መውረድ አቃተው። ሁለቱን ለማውረድ ግማሽ ቀን ፈጀ።

የዳቦ ፍሬ ዛፉ ዘንድሮ ብዙ አፍርቷል። ሌላ ምን አለ? ፓስተሩ ሰላም ብሎሻል።

ዞር ትላለች። ፖይ ትወዳለች።

ሕፃኗን ትንሽ አስሏታል፤ የዝናቡ ነው።

እናትሽ


ፑና
ማርች 6 ቀን 1933

ሌፔካ፣

መልስሽን ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው። ባለፈው ስለ ፍየል የጻፍኩልሽ ስለ ልጅቷ መጻፍ ስላቃተኝ ነው።

ታማለች። ትኩሳቱ አልወርድ ብሏታል። የሸንኮራ እርሻው ሐኪም መጥቶ አይቷታል፣ ሳምባዋ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጥቷታል፤ እየሰጠኋት ነው። ካኑም ያለ የሌለውን ቅጠል ሞክሯል። መብላት ትታለች። ትናንት ስሟን ስጠራት ዞር አላለችም።

ካኑ ስሙ ከብዷታል ይላል። እኔ ደግሞ የማየው ካፖን ነው። ያው ምንጣፍ፣ ያው ቤት፣ ያው አተነፋፈስ። እናቴ ያኔ አላወርድም ስትል በሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር።

አንቺን እየወቀስኩሽ እንዳይመስልሽ። ሰጥቻታለሁ፣ እኔም አብሬሽ ነኝ። ግን ማውረድ የምትችይው አንቺ ብቻ ነሽ። ካኑ እንዲህ አድርጊ ይላል፤ ዓሣና ፖይ አቅርበሽ ከባልሽ ጋር ብዪ፣ ስሙን ሙሉውን ጥሪና አንስቼዋለሁ በይ፣ ከዚያ ባሕሩ ዳር ሄደሽ ለባሕሩ ስጪው። አንዴ ከወረደ ተመልሶ አይሰጥም ይላል። ይህንን አውቀሽ ወስኚ።

ሌላ የምትሰጪያት እንደሌለሽ አውቃለሁ፤ ጽፈሽልኛል፣ ደብዳቤውም እዚህ ትራሴ ሥር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ልጄን መለመን ምን ማለት እንደሆነ አውቄ ነው የምለምንሽ። አውርጂላት።

እናትሽ


ካላውፓፓ
ማርች 24 ቀን 1933

እማዬ፣

መጀመሪያ ሌላ ደብዳቤ አስጽፌ ነበር። አላወርድም የሚል ነው። ሄኔሊ ሁሉንም ጻፈ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ማታ ‹‹ልላከው?›› አለኝ። ‹‹ቅደደው›› አልኩት።

አድርጌዋለሁ። ዓሣ ያጠመደው ሄኔሊ ነው፣ ፖዩን ጎረቤቶቻችን ሰጡን። ምን እንደምናደርግ ስላወቁ ማንም በደጃችን አላለፈም። በላን። እኔ ሦስት ጉርሻ ነው የቻልኩት። ስሙን ሙሉውን ጠራሁና አንስቼዋለሁ አልኩ። ካልኩ በኋላ ቤቱ ውስጥ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ሳህኑም ያው፣ ዝንቡም ያው። የሆነ ነገር እጠብቅ ነበር መሰለኝ።

ከእንግዲህ ላሄላ ብቻ ናት። ጥሩ ስም ነው፣ አፍ ላይ አይከብድም፤ አንቺ ነሽ ያልሽው። ላሄላ ብለሽ ጥሪያት፣ እሷም ትዳን።

በቶሎ ጻፊልኝ። ክፉ ወሬም ቢሆን በቶሎ።

ሌፔካ


ፑና
ኤፕሪል 16 ቀን 1933

ለልጄ ለሌፔካ፣

ድናለች። መጀመሪያ እሱን አንብቢ። ድናለች፣ ትበላለች፣ የካኑን ጢም ትነጫለች።

አሁን ተቀመጪ፣ ቀሪውን የምነግርሽ ተቀምጠሽ ነው። ብደብቅሽ ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ ግን ካፖን ደብቄሽ ምን አተረፍኩ? ትኩሳቱ የለቀቃት የእኔ ደብዳቤ ገና መርከብ ላይ ሳለ ነው። አንቺ ከማውረድሽ በፊት፣ ከማንበብሽም በፊት። ጠዋት ቀና አለችና ሂያካ ስላት ዞር ብላ አየችኝ። ሌላ ደብዳቤ ልልክ ወደ ፖስታው ሮጥኩ፣ መርከቡ ማዕበሉን ፈርቶ ከሂሎ ወደብ አልነቃነቅ ብሎ ከረመ። ያ ደብዳቤ ሳይደርስሽ አልቀረም፤ ዘግይቶ።

ስሙ አልከበዳትም ነበር፣ ልጄ። ተሸክማው ነው የዳነችው።

ካኑን መልሰን እንስጣት ብዬ ለመንኩት፤ እግሩ ሥር ነው የተቀመጥኩት። ‹‹አንዴ የወረደን ስም መልሶ መጫን ልጅቷን መቅበር ነው›› አለኝ። እሱም አለቀሰ። ላሄላ ብዬ ስጠራት መጀመሪያ አላወቀችውም፤ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት በሩን ታያለች። አሁን ለምዳዋለች።

የለመንኩሽ እኔ ነኝ። ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅሽ አላውቅም።

እናትሽ


ካላውፓፓ
ጁላይ 2 ቀን 1933

እማዬ፣

ዝም ያልኩት ተቀይሜሽ አይደለም። ትንሽ ጊዜ ተቀይሜሽ ነበር፣ አለፈ። አንቺ ቦታ ብሆን እኔም እለምን ነበር፤ አንቺም እኔ ቦታ ብትሆኚ ታወርጂ ነበር። አንዲት ሕፃን ስታቃትት ቆሞ ማን ይመራመራል?

አሁን ተራዬ ነው፣ የደበቅኩትን ልንገርሽ። ጣቴን ውኃ አላቃጠለኝም። ጣቶቼ በደዌው ሄደዋል። ዓይኔም ከገና ወዲህ እየደከመ ነው፤ ያለፈውን ደብዳቤሽን ሄኔሊ ነው ያነበበልኝ። ሕፃናቱ ቤት መስታወት ፊት ቆሜ ሳያት ዓይኔ ገና ደህና ነበርና በዚያ ደስ ይለኛል። ፀጉሯን አይቻለሁ፣ ስታዛጋ አይቻለሁ።

ሌላም አለ። ካኑ እንዳለው ባሕሩ ዳር ሄጄ ነበር። ለባሕሩ ስጪው ነው ያለው። ቆምኩ፣ ማዕበሉ እግሬን ነካው፣ አልሰጠሁትም። እንዴት ልስጠው? ልጄ የለበሰችው ነገር ነው። ከሷ ላይ የወጣ አንድም ነገር እጄ ገብቶ አያውቅም፤ ቀሚሷ የለኝ፣ ቁራጭ ፀጉሯ የለኝ። እኔው ወሰድኩት።

አሁን እዚህ ሂኢያካ ነው የምባለው። ሄኔሊ ጀመረ፣ ሴቶቹ ተከተሉት። መጀመሪያ ቀን ሳቅን፤ ጣት የሌላት አምላክ የት ታውቂያለሽ? አሁን ማንም አይስቅም። ስጠራ ዞር እላለሁ፣ እሷ ዞር ትልበት የነበረው ቃል ነው። አንቺ ልጅቷን ይዘሻታል፣ እኔ ስሟን ይዤዋለሁ።

እንደምትፈሪው አውቃለሁ። በኔ ላይ ከበደ አልከበደ ከእንግዲህ ምን ያመጣብኛል ብለሽ ነው? አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ስትጽፊልኝ በሱ ጥሪኝ። ካልቻልሽም አልቀየምም።

ልጅሽ


ፑና
ኦገስት 13 ቀን 1933

ይድረስ ለልጄ ለሂኢያካኢካፖሊኦፔሌ፣

ፖስታው ላይም እንዲሁ ነው የጻፍኩት፣ ሳላሳጥር። ጠርዙ ድረስ ሄዶ የቦታው ስም መግቢያ አጣ። የፖስታ ቤቱ ልጅ አየውና ‹‹ቱቱ፣ ይቺ ደግሞ ማናት?›› አለኝ። ልጄ ናት አልኩት፤ ጮክ ብዬ፣ ሰው እየሰማ።

ሄኔሊ ይህን ሲያነብልሽ ቀስ ይበል። ስለ ጣቶችሽ አውቄ ነበር። እናት ነኝ፤ ፊደሉን ያንጋደደው ወንበሩ ነው ሲል ነው ያወቅኩት። አንድ ሰሞን የሃላ ቅጠል በያዝኩ ቁጥር እጄን አይና ሥራውን አስቀምጠው ነበር። ስለ ዓይንሽ ግን አላወቅኩም። ስለ እሱ ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ላሄላ ቆማ ትሄዳለች። ያገኘችውን ሁሉ ወደ ባሕሩ ትወረውራለች፤ የካኑን ጫማ አንዱን ወርውራ እሱ አሁን በአንድ ጫማ ነው የሚዞረው። እኔን ማማ ማለት ጀምራ ነበር። ጎረቤቶቼ ተዪያት፣ ያሳደገቻት እናቷ ናት አሉኝ። አልተውኳትም። ደረቴን ስትነካ ‹‹እኔ ቱቱ ነኝ፣ አያትሽ›› እላታለሁ። ወደ ሞሎካይ በኩል አዞራትና ‹‹ማማ እዚያ ናት፣ ማማ ሂያካ ትባላለች›› እላታለሁ። በየቀኑ እላታለሁ፤ መንደሩ አሮጊቷ ለየላት ብሏል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ደጅ ላይ ቅጠል ስሰነጥቅ እሷ ባሕሩ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔ አላልኳትም፣ ማንም አላላትም። ብቻዋን ወደ ውኃው እያየች ሂያካ አለች፤ ዝም ብላ ጠበቀችና ደግማ ጠራችሽ።

እናትሽ ኡላሊያ